ሳይቃጠል በቅጠል
የቤተሰብ ጠብ የሚወልደው ቃጠሎና የመኖሪያ ቤት መውጫ
(በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰው በሰው ላይ ከሚፈጽማቸው ወንጀሎች መካከል በቤተሰብ ጠብ ምክንያት ሌሊት በተኛ ቤት ላይ የሚለኮስ እሳት እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከአባቱ፣ ወንድም ከወንድሙ ይጣላል። ሽማግሌ ይደክምበታል፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሰጥበታል። በመጨረሻም አንዱ ወገን ቤንዚን በጀሪካን ይዞ ሌሎቹ ወደ ተኙበት በር ይመጣል። በማግስቱ ለቀብር የሚወጣው አስከሬን ግን የተጣላው ሰው ብቻ አይደለም። ስለ ጠቡ አንዳች የማያውቅ ሕፃን፣ ለጥየቃ የመጡ አያት፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየ ተማሪ፣ በወር ደመወዝ የተቀጠረች የቤት ሠራተኛ አብረው ይገኙበታል።

ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የፖሊስ፣ የዳኛና የሽማግሌ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የዚህ ንግግር መነሻ ሐሳብ ግን አጭር ነው። ጥላቻውን የሚወልደው ቤተሰቡ ነው፤ የሟቾቹን ቁጥር የሚወስነው ግን በአብዛኛው በሩ ነው። በር ደግሞ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ ለአብዛኛው ቤተሰብ ቤት ብቸኛው ትልቅ ሀብት ነው። ስለዚህም ፍቺ ወይም ውርስ በመጣ ጊዜ ክርክሩ የሚያተኩረው በቤቱ ላይ ነው። ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ የተጣሉት ሰዎች መሄጃ ስለሌላቸው በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ክፍል በኮምፔንሳቶ ወይም በመጋረጃ ከፍለው ይኖራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የፍቺ ክርክር በሚታይበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ ከተጋቢዎቹ አንዱ ከጋራ መኖሪያው እንዲወጣ ሊያዝ እንደሚችል ያመለክታል። ነገር ግን ትእዛዙ እስኪሰጥና እስኪፈጸም ብዙ ሌሊት ያልፋል። በእነዚያ ሌሊቶች ቤቱ የጠቡ ምክንያትም ነው፤ የጠቡ ሜዳም ነው፤ ቂም በያዘ ሰው እጅ ከወደቀም የጠቡ መሣሪያ ይሆናል።

አገራችን ቤት የማቃጠልን ክፋት ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እየማለ የሚያውቀውን እንዲያወጣ የሚደረግበት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የተባለው ሥርዓት ለዚህ ዓይነቱ ክፉ ሥራ የታሰበ ነበር። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» የተሰኘው ልብ ወለድ የሚያጠነጥነውም በአንድ የጉራጌ መንደር ሌሊት በተቃጠለ ጎጆ ላይ ነው። ሥርዓቱ አንድ ትልቅ እውነት ይዟል። ይኸውም የአንድ ሰው ቤት መቃጠል የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው የሚል ነው። ሆኖም አፈርሳታ የሚጠራው አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነበር።

የዛሬው የወንጀል ሕግም ቢሆን በአብዛኛው የሚደርሰው ከአመዱ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 494 በሰው ወይም በንብረት ላይ አደጋ ለማድረስ አስቦ እሳት የሚለኩስን ሰው፣ የለኮሰው የገዛ ንብረቱን ቢሆን እንኳ፣ ይቀጣል። በቃጠሎው ሰው የሞተና አድራጎቱ ልዩ ጭካኔን የሚያሳይ እንደሆነ አንቀጽ 539 እስከ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ያደርሳል። ከእነዚህ ከሁለቱ ይልቅ ለሕያዋን የሚጠቅመው ግን ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንቀጽ 580 ነው። ይህ አንቀጽ ሌላውን ሰው በብርቱ አደጋ በማስፈራራት ድንጋጤ ላይ መጣልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ፣ በተበዳዩ አቤቱታ እንዲያስቀጣ ይደነግጋል። በመሆኑም «አቃጥላችኋለሁ» የሚል ቃል የንዴት ወሬ ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ክብሪቱ ሳይጫር ለፖሊስ ሊነገር የሚገባው ጉዳይ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ለዚህ ንግግር ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የተመረጠበት ምክንያት የአዲስ አበባ ቤቶች ዓይነት በሙሉ እዚያ ጎን ለጎን ስለሚገኝ ነው። በኮልፌ አጠና ተራ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ቋሚና ማገር ሆኖ ያቆመው የጭቃ ቤት አለ። በአየር ጤናና በቤቴል ዙሪያ የድንጋይ አጥርና የብረት በር ያለው ቪላ አለ። ከቪላው ጀርባ ተከራይ የሚኖርበት ሰርቪስ ቤት አለ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም አሉ። ክፍለ ከተማው አደጋ ምን እንደሆነም ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ሰዎች በአደገኛ ስፍራ ሲኖሩ ለዓመታት ማየትና ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ታይቷል።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ እሳት እንዴት እንደሚሄድ በሙያ ዓይን መመርመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የጭቃ ቤት ያለ ፍርድ ሲወቀስ ይኖራል። በመሠረቱ በደንብ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ በውስጡ ያለውን እንጨት ለጊዜው ከእሳት ይጠብቃል። ድካሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኮርኒሱ ከአቡጀዴ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረ ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ነድዶ በተኙት ላይ ይወርዳል። ተያይዘው በተሠሩ ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ ኮርኒሱ ላይ ይቆምና ከቆርቆሮው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ቤት የጋራ ይሆናል። እሳቱም ጭሱም በዚያ በኩል ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ቆርቆሮ ራሱ አይነድም፤ ይሁን እንጂ ሙቀቱንና ጭሱን ከራስ በላይ አምቆ ይይዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቤንዚን ነው። ነጭ ጋዝ በክብሪት ለመቀጣጠል ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ ይፈልጋል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ይገባል። የሚያስከትለውን ነገር በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 3 በ4 ሜትር የሆነና ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ የሚመዝነው 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር በጠቅላላው 27 ኪሎ ግራም ይሆናል። በእሳት ምርምር እንደተረጋገጠው ተራ ነዳጅ ሲነድ ለሚበላው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አየር 3 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ የክፍሉ አየር በሙሉ ቢበላ የሚወጣው ሙቀት 81 ሜጋጁል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ብቻውን 32 ሜጋጁል ያህል ይሰጣል። የክፍሉን አየር ጨርሶ ለመብላት ሦስት ሊትር እንኳ አያስፈልግም ማለት ነው። ሰው ደግሞ አየሩ እስኪያልቅ አይቆይም። በእሳቱ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ጋር ለመጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ኃይል ስላለው፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ራሱን ይስታል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው መደምደሚያ ከባድ ነው። የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች በ939 ተጠርተው የቱንም ያህል ቢፈጥኑ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ካራ ቆሬ ያለውን መንገድና ከዚያ በኋላ ያለውን ጠባብ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ አልፈው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሊደርሱ አይችሉም። ሕይወት የሚተርፈው በውስጥ ያሉት ሰዎች በራሳቸው እግር በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ከወጡ ነው። መውጫው ግን የት አለ? ቤቱ አንድ በር ብቻ አለው፤ እሳቱ የተለኮሰው በዚያው በር ላይ ነው። መስኮቶቹ ሌባን በመፍራት ከግድግዳው ጋር በተበየደ ፍርግርግ ብረት ታጥረዋል። የግቢው በር በጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ቁልፉም በአባወራው ትራስ ሥር ነው።

ይህ የአንድ ከተማ ወይም የድኻ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል በሌላው ዓለም የደረሱ ሁለት አደጋዎችን መመልከት ይጠቅማል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1990 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ፣ ሃፒ ላንድ በተባለ የጭፈራ ቤት የደረሰው ነው። አንድ ሰው እዚያ ከምትሠራ የቀድሞ ወዳጁ ጋር ተጣልቶ ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። በአንድ ዶላር ቤንዚን ገዝቶ ተመለሰና በመግቢያው ላይ አፍስሶ ለኮሰው። 87 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ከሆንዱራስ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የተጣላት ሴት ግን ተረፈች። ሰውዬው ተፈርዶበት በእስር ቤት ሞተ። ለመሐንዲስ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ያ ቤት በቂ መውጫና የእሳት መከላከያ የሌለው በመሆኑ እንዲዘጋ የከተማው አስተዳደር ቀደም ብሎ በ1988 ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ትእዛዙ በወረቀት ላይ ቀረ፤ ጭፈራው ቀጠለ። አንድ ሰው ጥላቻውን ይዞ መጣ፤ 87ቱን ሰዎች ለእሳት አሳልፎ የሰጠው ግን የመውጫ መታጣት ነበር።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2012 በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ የደረሰው ነው። አንድ አባት ትታው ልጆቿን ይዛ የሄደችውን ሴት በወንጀል ለማስወንጀል አስቦ፣ ስለ ልጆቹ አስተዳደግ ፍርድ ቤት በሚቀርቡበት ዕለት ሌሊት፣ ከባለቤቱና ከአንድ ጓደኛው ጋር ተመካክሮ በገዛ ቤቱ መግቢያ ላይ ቤንዚን ለኮሰ። ፎቅ ላይ የተኙትን ስድስት ልጆች በጓሮው መስኮት አውጥቶ አዳኝ ለመምሰል መሰላል ጭምር አዘጋጅቶ ነበር። እሳቱ ከታሰበው በላይ ፈጠነ። ስድስቱም ልጆች ሞቱ። በ2013 ሦስቱም ጎልማሶች ጥፋተኞች ተብለው ተፈረደባቸው። የደርቢው አደጋ የሚያስተምረው እሳት ለለኮሰው ሰው እንኳ እንደማይታዘዝ ነው። «ለማስፈራራት ብቻ ነበር» የሚለው የብዙ ተከሳሾች ቃል ከእሳት ባሕርይ ጋር አይገጥምም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ሌባ በየቀኑ ይመጣል፤ እንዲህ ያለው ቃጠሎ ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ፍርግርጉ ቢነሣ ቤቱ ይዘረፋል። ለመግደል የቆረጠ ሰውም አንዱ በር ቢከፈትበት ሌላ መንገድ አያጣም» ይባላል። የዚህ አነጋገር ክፍል እውነት ነው፤ ፍርግርጉ ይነሣ የሚል ሐሳብም ተቀባይነት አያገኝም። ይሁን እንጂ በሌባ ፍርሃት በር መዝጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሰው ልጅ ቀድሞ ተምሮታል። ሃፒ ላንድ ከመቃጠሉ ልክ 79 ዓመት በፊት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ትሪያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ 146 ሠራተኞች በእሳት አለቁ። ከመውጫዎቹ አንዱ የተቆለፈው ሠራተኞቹ ዕቃ እንዳይሰርቁ ተብሎ ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በ1913 የሰው ሕይወት ደኅንነት ኮሚቴ አቋቋመ፤ የኮሚቴው ሥራም እየዳበረ ሄዶ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚጠቀሰውን የሕይወት ደኅንነት ደንብ አስገኘ። አንድ የሙያ ማኅበር ሐዘንን ወደ ደንብ ሲለውጥ ይህን ያህል ሩቅ ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄው ሌባን ከውጭ የሚከለክል፣ ሰውን ግን ከውስጥ የማያስር ፍርግርግ እንዴት ይሠራል የሚል ነው። መልሱ የታወቀ ነው። በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ቢያንስ የአንዱ መስኮት ፍርግርግ በማጠፊያ ላይ ተሠርቶ፣ ከውስጥ ብቻ ያለ ቁልፍ በሚከፈት መወርወሪያ ይያዛል። መወርወሪያው ከውጭ እጅ እንዳይደርስበት በላሜራ ይሸፈናል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ደንብ ለዚህ ዓይነቱ መስኮት ቢያንስ 51 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 61 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ በጠቅላላውም 0.53 ሜትር ካሬ ክፍተት ይጠይቃል፤ የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ112 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይሆንም ይወስናል። ይህ ልክ ለኮልፌ የጭቃ ቤትም፣ ለቤቴል ቪላም፣ ለሰርቪስ ቤትም ይስማማል። ነገር ግን መስኮቱ ከበሩ በተለየ አቅጣጫ መሆን አለበት። በአንድ ግድግዳ ላይ ያሉ ሁለት መውጫዎች ለአንድ ነበልባል እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሌሎቹም ሥራዎች ከባለሙያው አቅም በላይ አይደሉም። ተያይዘው የተሠሩ ቤቶችን የሚለየው ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ወጥቶ በጭቃ ወይም በብሎኬት ቢደፈን እሳቱ ለጎረቤት አይሻገርም። የአቡጀዴና የከረጢት ኮርኒስ ቀስ በቀስ በማይነድ ነገር ቢለወጥ ተኝተው የነበሩት ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ያገኛሉ። የግቢው በር ሌሊት ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ቢሆን ወደ ጓሮ የወጣው ሰው እዚያ አይታፈንም።

በእርግጥ እንዲህ ያለው ቤት በአብዛኛው በመሐንዲስ እጅ አያልፍም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከሁለት ፎቅ በታች የሆነውን የግል መኖሪያ ቤት በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ «ሀ»፣ መድቦት ነበር። ትኩረቱ የሄደው ወደ ትላልቆቹ ሕንፃዎች ነው። ሰው በእንቅልፉ የሚሞተው ግን በትንሹ ቤት ነው። ትንሹን ቤት የሚሠራው አናጢ፣ ግንበኛና በያጅ ነው። ስለሆነም ማኅበሩ ሊጽፈው የሚገባው ወፍራም መጽሐፍ ሳይሆን በያጁ በሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው የሚችል አንድ ገጽ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የፍርግርጉን ልክ፣ የማጠፊያውን ቦታና የመወርወሪያውን አሠራር ማሳየት ይበቃዋል።

ከሙያው ውጭ ያለው ድርሻ ደግሞ የሰፈሩ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ዕድር የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያው መዋጮ አንድ መሰላል፣ ሁለት መጥረቢያና ጥቂት ባልዲ ቢገዛ፣ ማን ጋ እንደሚቀመጥም ቢወሰን፣ ዕድሩ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለማዳንም ይደርሳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚባለው በሌሊት እሳት ጊዜ ቃል በቃል እውነት ነው።

ሽማግሌዎችም ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የተጣሉትን አስታርቆ ወደ አንድ ጣሪያ መመለስ የተከበረ ልማድ ነው። ነገር ግን «አቃጥላችኋለሁ» የሚል ዛቻ ከተሰማ በኋላ ሴትን ከነልጆቿ አንድ በር ወዳለው ቤት «ቻይው፣ የቤት ገመና አይወጣም» ብሎ መመለስ ዕርቅ ሊባል አይችልም። ዕርቁ ከመውረዱ አስቀድሞ ዛቻው ለፖሊስ ይነገር፤ ተዛቹ እናትና ልጆች ለጊዜው ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ይደሩ። ከሽማግሌዎቹ መካከል መሐንዲስ ካለ ደግሞ ሁለተኛው መውጫ የት እንደሆነ መጠየቅ የእርሱ ድርሻ ይሁን።

በእሳት የተጎዱ ሰዎች በየካቲት 12 ሆስፒታል ለወራት ሲታከሙ የሚከፈለውን ገንዘብና ሥቃይ ለሚያውቅ ሰው፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሥራ ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንድን ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ለማድረግ የሚያስፈልገው ሁለት ማጠፊያ፣ አንድ መወርወሪያ፣ ቁራጭ ላሜራና የአንድ በያጅ ግማሽ ቀን ነው። የሰውን ልብ ከቂም ማጽዳት የማንም መሐንዲስ ሥልጣን አይደለም። ቂሙ በመጣበት ሌሊት ግን ሕፃናቱ የሚወጡበት መስኮት እንዲኖር ማድረግ በሙያውም በማኅበሩም እጅ ያለ ሥራ ነው። ሥራው በኮልፌ ቀራንዮ አንድ ሰፈር፣ በአንድ ዕድርና በአንድ በያጅ ሊጀመር ይችላል፤ ለመጀመርም የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።